ሁሉም እሱን ሲጠብቅ፦ እየሰራ ሊደርሺፕ የተማረ የአንድ ጥገና ቡድን መሪ ጉዳይ

ይሄን ጉዳይ የምጽፈው ሜንተር ሆኜ ከጎኑ ስለነበርኩ ነው። ሰውዬው የጥገና ቡድን መሪ ነው፣ በስሩ ስምንት ቴክኒሻኖች አሉ፣ ፓምፕ ኮምፕረሰር ኮንቬየር ምናምን ሲበላሽ የሚጠሩት እነሱ ናቸው። መስሪያ ቤቱ ከስራው ጎን ለጎን የሊደርሺፕና ማኔጅመንት ኮርስ እንዲማር አስገባው፣ ኮርሱ ደግሞ እያንዳንዱ ተማሪ እዛው የሚሰራበት ቦታ ሜንተር እንዲኖረው ስለሚጠይቅና እኔም ከሌላ ክፍል ስለሆንኩ፣ አለቃውም ስላልሆንኩ፣ ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ። ስሙንም መስሪያ ቤቱንም አልጠራም። እንዲጻፍ ግን ራሱ ፈቅዷል፣ እንደውም "ያማረውን ብቻ መርጠህ እንዳትጽፍ" ነው ያለኝ።

ለአለቃነት የታጨው እጁ ስለሚሰራ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ፓምፕ አጠገብ ቆሞ ድምፁን ሰምቶ ብቻ "ይሄ ቤሪንግ ነው" (ዘንጉን የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ) ወይ "ይሄ ካቪቴሽን ነው፣ መሳቢያው መስመር ላይ እዩ" (ፓምፑ ውስጥ አረፋ እየተፈጠረ ነው ማለት ነው) የሚል አይነት ሰው ነው፣ ብዙ ጊዜም ልክ ነው። እንደዚህ አይነት ሰው አንድ ቀን ደብዳቤ ይሰጠውና ከነገ ጀምሮ ቡድን መሪ ነህ ይባላል፣ መምራት ትፈልጋለህ ወይ ብሎ የጠየቀው የለም፣ እሱም እምቢ ማለት እንደሚቻል አላሰበም። ትናንት አብረውት ቁልፍ ሲያቀባብሉ የነበሩት ሰዎች ዛሬ "አለቃ" ይሉታል።

ችግሩ ምን ነበር? ስራ ሁሉ እሱ ጋ ደርሶ ይቆማል። መለዋወጫ ከስቶር ለማውጣት የእሱ ፊርማ ያስፈልጋል፣ ብልሽቱ ምን እንደሆነ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው እሱ ነው፣ ሁለት ሰዎች ሺፍት መቀያየር ቢፈልጉ እንኳን እሱን ሳይጠይቁ አይቀያየሩም፣ ማታ ቤቱ ሲገባ ስልኩ ይጮሃል፣ ሌሊትም ይጮሃል። በሳምንት ሁለት ከሰዓት ክፍል ሲገባ ደግሞ ዎርክ ኦርደሩ (የስራ ትዕዛዝ ወረቀቱ) ጠረጴዛው ላይ ይቆለላል፣ ምን እየጠበቃችሁ ነው ሲባሉ "አለቃ ይምጣና" ነው መልሱ። የሚገርመው ይሄን ማንም እንደ ችግር አላየውም ነበር። ከላይ ያሉት "ታታሪ ነው፣ ሌሊት እንኳን ስልክ ያነሳል" ይሉታል፣ ቴክኒሻኖቹ ሀላፊነቱ ከላያቸው ስለተነሳ አይከፋቸውም፣ እሱም ቢደክመውም ደስ ይለዋል፣ ያለሱ ምንም እንደማይንቀሳቀስ ማወቅ ማንን ደስ አይለውም።

ኮርሱ ላይ በየሞጁሉ የሪፍሌክሽን ጆርናል፣ ማለትም የራስን ስራ መለስ ብሎ የማየት ማስታወሻ፣ ይጻፋል። መልኩ ግራሃም ጊብስ በ1988 (እዚህ የምጠቅሳቸው አመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ያወጣው ባለ ስድስት ደረጃ ዑደት ነው፦ ምን ተፈጠረ፣ ምን ተሰማኝ፣ ምኑ ጥሩ ምኑ መጥፎ ነበር፣ ለምን እንዲህ ሆነ፣ ምን ማድረግ እችል ነበር፣ በቀጣይ ምን አደርጋለሁ። ሰውዬው ደግሞ መጻፍ ይችልበታል። የመጀመሪያዎቹን ጆርናሎች ሳነብ እውነት ለመናገር ተደንቄ ነበር፣ ስሜቱን ይገልጻል፣ ራሱን ይተቻል፣ ቲዎሪ ይጠቅሳል፣ አስተማሪውም ዳር ላይ "ጥልቅ እይታ" ብሎ ይጽፍለታል። አንድ ቀን ግን የተለያዩ ሞጁሎችን ጆርናል ጎን ለጎን ደርድሬ የመጨረሻውን ክፍል ብቻ ሳነብ ሁሉም ላይ ያለው ያው አንድ ነገር ነው። "በቀጣይ ስራ ለሌሎች በማከፋፈል ላይ አተኩራለሁ።" በሚቀጥለው "የውክልና ክህሎቴን አዳብራለሁ።" በሚቀጥለው "ቡድኔን ይበልጥ አሳትፋለሁ።" ቃሉ ይቀየራል እንጂ ሰኞ ጠዋት ወርክሾፑ ውስጥ የተለወጠ አንድም ነገር የለም፣ ፊርማው እዛው ነው፣ ስልኩ እዛው ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ልበል። ማርክ የሚሰጥበት ሪፍሌክሽን ቀስ እያለ የሚነበብ ጽሁፍ እንጂ የሚደረግ ነገር መሆኑ ይቀራል። ተማሪው ይዋሻል እያልኩ አይደለም፣ ሲጽፈው ያምንበታል፣ ግን ችግሩን በደንብ ከገለጸው በኋላ ግማሹን የፈታው ይመስለዋል፣ አስተማሪው ደግሞ የሚያየው ወረቀቱን ነው እንጂ ወርክሾፑን አይደለም። ሜንተር የሚባል ነገር ጥቅም ካለው እዚህ ጋ ነው፣ ወረቀቱንም ወርክሾፑንም የሚያየው እሱ ብቻ ስለሆነ።

ነገሩን የገለበጠው የፓምፑ ቀን ነው። የማቀዝቀዣ ውሃ ከሚገፉት ሁለት ፓምፖች አንዱ ስራ ላይ ነው፣ ሁለተኛው ተጠባባቂ ነው። ከሰዓት ላይ ሺፍት የያዘው ወጣት ቴክኒሻን ዞር ዞር ሲል የሚሰራው ፓምፕ በሞተሩ በኩል ያለው ቤሪንግ ከወትሮው በላይ እንደጋለ በእጁ ያውቃል፣ ቴርሞሜትር ሲያነጣጥርበትም እየጨመረ ነው፣ ድምፁም ተቀይሯል። ምን መደረግ እንዳለበት ያውቃል፣ ወደ ተጠባባቂው መቀየር፣ ይሄኛውን አቁሞ ቆልፎ ቤሪንጉን መለወጥ። ቤሪንጉ ስቶር ውስጥ አለ። ልጁ ግን ስልክ ነው ያነሳው። አለቃ ፈተና ላይ ነው፣ ስልኩ ዝግ ነው። እንደገና ደወለ። ዝግ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ተመካከሩ፣ ሁሉም የሚያስቡት አንድ ነው፣ ግን "ትንሽ እንጠብቀው፣ ይወጣል" ተባለ። ሲጠብቁ ቤሪንጉ ነከሰ፣ ዘንጉንም ፋቀው፣ በአንድ ከሰዓት ያልቅ የነበረ ስራ ዘንግ ወደማስቀየር ሄደ፣ ያን ቀን ምርትም እስከ ሺፍቱ መጨረሻ ቆመ።

በሁለተኛው ቀን ስንገናኝ ጆርናሉን ጽፎ ጨርሶ መጥቷል። ጥሩ ተጽፏል። "ለምን እንዲህ ሆነ" የሚለው ስር ያለው "የቡድን አባላቱ በራስ የመተማመን ማነስ" ነው፣ መፍትሄው ደግሞ ስልጠና። አንብቤ አስቀመጥኩትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት።

"ስልኩን አንስተህ ቢሆን ምን ትላቸው ነበር?"

"ወደ ተጠባባቂው ቀይሩ፣ ቤሪንጉን አውጡ።"

"እነሱስ ምን አስበው ነበር?"

ዝም አለ። ከዛ "እሱኑ" አለ።

እና አንተ ምን ትጨምርበት ነበር አልኩት። ይሄን ጥያቄ አልወደደውም፣ ፊቱ ላይ አይቼዋለሁ። ስለ ልምድ አወራኝ፣ ስለ ሀላፊነት አወራኝ፣ ነገ ቢሳሳቱ ተጠያቂው ማነው አለኝ፣ ሁሉም ልክ ነው ግን የጥያቄው መልስ አይደለም። ከብዙ ክርክር በኋላ የወጣው መልስ "ፈቃድ" የሚል ነው። እውቀት አልነበረም የጎደላቸው፣ ፈቃድ ነው። እሺ ፈቃድ ለምን አስፈለጋቸው? ወደ ተጠባባቂ ፓምፕ መቀየር በአሰራሩ መሰረት ሺፍት ላይ ያለ ሰው ስልጣን ነው፣ ተጽፏል፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ልጁን ራሱን ጠይቀው፣ ግን ለመውቀስ እንዳይመስል አድርገህ አልኩት። ጠየቀው። ልጁ መጀመሪያ "ምንም አይደለም አለቃ" እያለ ሸሸ፣ ኋላ ላይ ግን ተናገረ፦ ከወራት በፊት ይሄው ልጅ በራሱ ወስኖ ፓምፕ ቀይሮ ነበር፣ አለቃው መጥቶ ሰው ሁሉ እያየ "ማን ቀይር አለህ?" ብሎ መልሶ ቀይሮታል። አለቃው ይሄን ጭራሽ አያስታውሰውም። ለሱ የአንድ ደቂቃ ነገር ናት፣ ለልጁ ግን የአሰራር መመሪያ ሆና ቀርታለች፣ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው በላይ የምትሰራ።

ጆርናሉ እንደገና ተጻፈ። በፊት ከነበረው በጣም ያጠረ ነው፣ ያችን የ"ማን ቀይር አለህ"ን ነገር በቀጥታ አስቀምጧታል፣ ቲዎሪ ብዙም የለበትም። ማርኩ ምን ሆነ? ከሁሉም ዝቅ ያለው እሱ ነው፣ "ከንባብ ጋር በበቂ አልተገናኘም" ተብሎ። ተናድጄ ነበር አልዋሽም። እሱ ግን ሳቀ፣ ሲስቅ ነው እኔም አንድ ነገር እንደተቀየረ የገባኝ።

ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር ኮርሱ ላይ የታዘዘ አይደለም። ደብተር ይዞ ሰው ሊጠይቀው በመጣ ቁጥር ሶስት ነገር መጻፍ ጀመረ፦ ምን ተጠየቅኩ፣ ጠያቂው መልሱን ያውቀው ነበር ወይ፣ እኔ ባልኖር ምን ይጎድል ነበር። ሁለተኛውን ለማወቅ "አንተ ምን ታስባለህ?" ብሎ መጠየቅ ነበረበት፣ እና ይቺ ጥያቄ ብቻዋን ግማሹን ሰው መለሰችው፣ ምክንያቱም ሰውዬው ያሰበውን ይናገራል፣ የሚናገረውም ልክ ነው፣ ከዛ ሁለቱም ይተያያሉ። አንዳንዱ ግን ተበሳጨ፣ "ታዲያ አለቃ የሆንከው ለምንድነው" ያለውም አለ። ደብተሩ ሲሞላ የታየው ነገር አብዛኛው ጥያቄ መልሱ የታወቀ መሆኑ ነው፣ ከቀረው ደግሞ ብዙው የፊርማ ጉዳይ ነው፣ በእውነት የእሱን ጭንቅላት የሚፈልገው ጥቂት ነበር።

እዚህ ጋ ኮርሱ ጠቀመው፣ ኮርሱን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። ዊልያም ኦንከንና ዶናልድ ዋስ በ1974 የጻፉት የጦጣው ነገር አለ፣ ሰራተኛው ኮሪደር ላይ አለቃውን አግኝቶ "አንድ ችግር አለ" ሲለው አለቃው "እሺ ላስብበት" ካለ ሰራተኛው ትከሻ ላይ የነበረችው ጦጣ ዘላ አለቃው ትከሻ ላይ ትወጣለች፣ ከዛ በኋላ ሰራተኛው ነው አለቃውን "እንዴት ሆነ?" እያለ የሚቆጣጠረው። ይሄን ክፍል ውስጥ ሲማረው ስቆ ያለፈው ነገር ነው፣ ደብተሩን ይዞ ሲያየው ግን "ኸረ እኔኮ ጦጣ እየለመንኩ ነው የምቀበለው" አለኝ። ሌላው ፖል ኸርሲና ኬን ብላንቻርድ በ1969 ያመጡት ሲቹዌሽናል ሊደርሺፕ ነው፣ አመራርን እንደ ሁኔታው መቀያየር። ብዙ ሰው ይሄን ሲያጠና ሰውን በአራት ይመድባል፣ ይሄ ሰው ሊታዘዝ የሚገባው ነው፣ ይሄኛው ሊተውለት የሚገባው ነው ብሎ። ነገርዬው ግን የሚያየው ሰውዬውን ከስራው ጋር አንድ ላይ ነው። ያው አንድ ቴክኒሻን ለፓምፕ ሙሉ በሙሉ የሚተውለት ሆኖ ለአዲሱ ኮምፕረሰር ግን እያንዳንዱ እርምጃ ሊነገረው የሚገባ ሊሆን ይችላል። እሱ ስምንቱን ሰውና ዋና ዋናዎቹን የማሽን አይነቶች ሰንጠረዥ አድርጎ ሰራው፣ ከዛ የገረመው እስካሁን ሁሉንም ሰው በሁሉም ማሽን ላይ እንደ ጀማሪ ይይዝ የነበረ መሆኑ ነው፣ አንድ ሰው ሲቀር፣ እሱም ደህና አድርጎ የሚያውቀው ታላቁ ቴክኒሻን ነው (እመለስበታለሁ)።

ውሳኔዎቹን በሶስት ከፈላቸው። አንደኛው ስሩት፣ አትንገሩኝ። ሁለተኛው ስሩት፣ ከዛ ንገሩኝ። ሶስተኛው መጀመሪያ ጠይቁኝ። ሶስተኛው ውስጥ የገባው ትንሽ ነው፦ ሙሉ መስመር ማስቆም፣ የደህንነት መከላከያ ማለፍን የሚመለከት ማንኛውም ነገር፣ የኤሌክትሪክ ቁልፍ አስቆላለፍ (ማሽን ሲጠገን ማንም እንዳያስነሳው የሚቆለፍበት) ከተለመደው ውጪ ሲሆን፣ ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ ወጪ። ወደ ተጠባባቂ ፓምፕ መቀየር አንደኛው ውስጥ ገባ። ቤሪንግ፣ ሲል (ፈሳሽ እንዳይወጣ የሚዘጋው መለዋወጫ)፣ ቤልት፣ ፊልተር ከስቶር ማውጣት ደግሞ ሺፍት መሪው እንዲፈርም ተባለ።

ተባለ ማለት ግን ሆነ ማለት አይደለም። የስቶር ሀላፊው "ፊርማ ሞዴሉ ላይ ያለው የሱ ነው፣ ደብዳቤ ካልመጣ እቃ አልሰጥም" አለ፣ ደግሞ ልክ ነው፣ ኦዲት ሲመጣ የሚጠየቀው እሱ ነው። ደብዳቤው እስኪጻፍ፣ ከላይ እስኪፈረም፣ ለፋይናንስ ግልባጭ እስኪደረግ የወሰደው ጊዜ ሰውዬው አስተሳሰቡን ለመቀየር ከወሰደበት ጊዜ አይተናነስም። ይሄን የማነሳው ስለ ግል እድገት የሚጻፈው ሁሉ ነገሩ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ያለቀ ስለሚያስመስለው ነው። ሰውዬው ተለውጦ ፊርማው ባይለወጥ ኖሮ ቴክኒሻኖቹ አሁንም ቆመው ይጠብቁ ነበር።

አንድ ቀን ወርክሾፕ ሄጄ ያየሁትን ልንገራችሁ። ያው ወጣት ልጅ ዘንግ ላይ ቤሪንግ ሊያስገባ ነው። አለቃው ሁሌም የሚጠቀመው በዘይት ማሞቅ ነው፣ የለመደው እሱን ነው። ልጁ ኢንዳክሽን ሂተሩን (በኤሌክትሪክ የሚያሞቀውን መሳሪያ) አምጥቶ ቤሪንጉን ሰካው፣ የሙቀት መለኪያውን አስጠግቶ ከ120 ዲግሪ እንዳያልፍ እያየ ነው፣ ዘንጉን ጠርጎ ጠብቋል። አለቃው ከጎኑ ቆሟል፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቷል፣ ኪሱ ውስጥ ግን እጁ ይንቀሳቀሳል፣ ጨርቁ ላይ ይታያል። ልጁ ጓንቱን አጥልቆ ቤሪንጉን አንስቶ ሸርተት አድርጎ እስከ ዘንጉ ትከሻ አስገባውና እስኪይዝ ተጭኖት ቆመ። አለቃው ምንም አላለም። ስንወጣ "እኔ እንደዛ አልሰራውም ነበር" አለኝ። ስህተት ነው? አልኩት። "አይ፣ ትክክል ነው። እንዳውም ከኔ ይፈጥናል።" ትንሽ ሄድ ካልን በኋላ "በመዶሻ የውጪውን ቀለበት ቢመታው ግን እጁን እይዘው ነበር" አለ። እኔ ኮርሱ ሙሉ ካስተማረው ይሄ ልዩነት ይበልጥብኛል፣ እኔ የማልሰራበት መንገድና የተሳሳተ መንገድ የተለያዩ ናቸው። የውጪውን ቀለበት እየመቱ ዘንግ ላይ ማስገባት ሃይሉን በኳሶቹ በኩል ስለሚያሳልፈው ቤሪንጉን ገና ሳይሰራ ያበላሸዋል፣ እዛ ላይ ዝም ማለት ለቡድን መተው ሳይሆን ስራን መጣል ነው።

ደስ የማይለውም አለ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ሪፖርት የሚደረጉ ስህተቶች በዙ። አንዱ የተሳሳተ የፓምፕ ሲል አዝዟል፣ አንዱ ቤልት ሲወጥር አብዝቶ ወጥሯል፣ "ሊደርስ ሲል የተረፈ" ተብሎ የተመዘገበ ነገርም መጣ፣ በፊት እንደዚህ አይነት ሪፖርት ከዚህ ቡድን ተሰምቶ አያውቅም። ከላይ ያለው ስራ አስኪያጅ ጠርቶት "ይሄ ትምህርት ከጀመርክ ወዲህ ቡድንህ ላልቷል፣ ቁጥጥርህን መልሰው" አለው። እዚህ ጋ ሊመለስ ነበር። ማታ ደውሎ "በቃ ፊርማውን ልመልሰው መሰለኝ" አለኝ።

ያን ጊዜ ስለ ኤሚ ኤድመንድሰን ነገርኩት። ሴትዮዋ በ1996 ያወጣችው ጥናት ሆስፒታሎች ውስጥ የመድሃኒት አሰጣጥ ስህተትን የሚመለከት ነው፣ የጠበቀችው ጥሩ የሚባሉት ቡድኖች ትንሽ ስህተት ይሰራሉ ብላ ነው፣ የተገኘው ግን ተገላቢጦሽ ነው፣ ጥሩ የሚመሩትና ተባብረው የሚሰሩት ክፍሎች ውስጥ የተመዘገበው ስህተት ይበልጣል። ነገሩ ሲጣራ እዛ ክፍል ሰው ስህተቱን ለመናገር አይፈራም፣ ሌላው ጋ ግን ይደበቃል። ከዛ ተነስታ ነው በ1999 ሳይኮሎጂካል ሴፍቲ የሚባለውን፣ ሰው ሳይፈራ መናገር መቻሉን፣ በስራ ቡድኖች ላይ ያጠናችው። ይሄ ግን የኛን ጉዳይ በራሱ አይፈታውም፣ ምክንያቱም የኛ ቡድን ውስጥ ስህተቱ ራሱ ሊበዛም ይችላል፣ ሰዎቹ አዲስ ውሳኔ እየለመዱ ነው። ስለዚህ ሪፖርት የተደረገውን ትቶ ሊደበቅ የማይችለውን እንዲያይ ነው የተመካከርነው፦ ማሽን የቆመበት ሰዓት፣ ተጠግኖ ወዲያው ተመልሶ የተበላሸ፣ ያለቀበት ጊዜ ያለፈ ዎርክ ኦርደር። እነዚህ የባሱ አልነበሩም፣ ዎርክ ኦርደሩ እንደውም በግልጽ ቀልሏል። ወረቀቱን ይዞ ስራ አስኪያጁ ጋ ገባ። ስራ አስኪያጁ አላመነም፣ ግን "እስከ ሩብ አመቱ መጨረሻ እንየው" አለ፣ ለኛ ያ ይበቃን ነበር።

የተሳሳተውን የፓምፕ ሲል ያዘዘውን ሰው አለቃው እንዴት እንደያዘው ደግሞ ቡድኑ በሙሉ ነው የሚያየው፣ ይሄን ያውቃል። ፊድባክ ላይ ኮርሱ ያመጣለት አንድ ጥሩ ነገር ክሉገርና ዴኒሲ በ1996 ያወጡት ስራ ነው፣ ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው 607 ውጤቶችን ሲመዝኑ ፊድባክ በአማካይ ስራን ያሻሽላል፣ ግን ከሶስት አንዱ በላይ በሆነው ላይ ስራውን አበላሽቶታል። የነሱ ማብራሪያ ፊድባኩ ከስራው ወጥቶ ወደ ሰውዬው ማንነት በተጠጋ ቁጥር ጥቅሙ ይቀንሳል የሚል ነው። "ማን ቀይር አለህ?" የሚለው ማንን ነው የሚመለከተው፣ ፓምፑን አይደለም። ስለዚህ ሲሉን ያዘዘውን ሰው ለብቻው ጠርቶ ካታሎጉን ከፍቶ "ቁጥሩን ከየት ነው ያነበብከው?" አለው። ከአሮጌው ሲል ላይ ነው፣ ግማሹ ተፍቋል። ከዛ በኋላ የመጣው ነገር ቀላል ነው፣ በየፓምፑ ላይ የመለዋወጫ ቁጥር የያዘ ካርድ ተሰቀለ። ሃሳቡን ያመጣው ሲሉን ያዘዘው ሰው ራሱ ነው።

አሁን ወደ ታላቁ ቴክኒሻን። ጋሼ ይሉታል ሁሉም፣ አለቃውም ጭምር። የቡድን መሪነቱን ይጠብቅ የነበረው እሱ ነው፣ ለታናሹ ሲሰጥ ምንም አላለም፣ ስራውንም አልበደለም፣ ግን ስብሰባ ላይ አይናገርም፣ ሲጠየቅ "እናንተ እንዳላችሁ" ነው። አለቃው በሰንጠረዡ ላይ ለጋሼ ሁሉም ማሽን ላይ "ሙሉ በሙሉ የሚተውለት" ብሎ ሞልቶታል። ክብር መስሎት ነው። እኔ ሳየው ግን የሸሸው ነው የመሰለኝ፣ ከጋሼ ጋር ላለመነጋገር ሲል ሁሉን የተወለት። በትህትና ያልኩት ይሄንኑ ነው። ሄዶ አነጋገረው፣ ስለ ሹመቱ በቀጥታ አነሳበት፣ ጋሼም "እሱ ያለፈ ነገር ነው" ብሎ ዘጋው። ቆይቶ ለወጣቶቹ አላይመንት (የሞተሩንና የፓምፑን ዘንግ ቀጥ አድርጎ ማገጣጠም) እንዲያሰለጥናቸው ለመነው፣ በዳያል ኢንዲኬተር (ባለ ቀስት መለኪያ) ነው ጋሼ የሚሰራው፣ እሺ አለና ሁለት ጊዜ አሰልጥኖ ተወው። ለምን እንደተወው አልተናገረም። ኮርሱ ስለ ግጭት አፈታት ሙሉ ሞጁል አለው፣ ለዚህ ጉዳይ የሚሆን ነገር አላገኘንበትም፣ ምክንያቱም ግጭት የለም፣ አንድ ትልቅ ሰው ዝም ብሏል እንጂ።

ስለ ሌሎቹ ሞጁሎች ብዙ የምለው የለም። የባጀቱ ለደብዳቤው ክርክር ጠቅሞታል፣ የስትራቴጂው ላይ አልፏል፣ ያው እንደተማርነው ነው።

ብዙም ያልጠበቅነው ነገር የሀዘን አይነት ስሜት ነው። ስልኩ ሲቀንስ መጀመሪያ ደስ አለው፣ ቀጥሎ ጨነቀው። "ቢሮ ቁጭ ብዬ ማንም ሳይጠራኝ ግማሽ ቀን ሄደ፣ ታዲያ እኔ ምንድነው የምሰራው?" አለኝ አንድ ቀን፣ ቀልድ አልነበረም። ለስንት አመት ጠቃሚነቱን የሚያውቀው በእጁ ነው፣ የተበላሸ ነገር ይነካል ይሰራል። አሁን የሚሰራው ነገር ቶሎ አይታይም፣ ለሚቀጥለው ስድስት ወር የታቀደ ጥገና ማውጣት፣ የኮምፕረሰር ስልጠና ለማን እንደሚሰጥ መወሰን፣ ከምርት ክፍሉ ጋር ማሽን የሚቆምበትን ሰዓት መደራደር። ያም ሆኖ በሳምንት አንድ ቀን ቱታ ለብሶ እንዲሰራ ተስማማን፣ ግን ከሌላው ሰው ስር ሆኖ፣ ዎርክ ኦርደሩን የያዘው ቴክኒሻን በሚያዘው መሰረት። የመጀመሪያው ጊዜ ልጆቹ አፈሩ፣ ማንም ሊያዘው አልቻለም፣ ወጣቱ ልጅ ነው በመጨረሻ "አለቃ፣ ያችን ፑለር አቀብለኝ" ያለው።

ኮርሱን ጨርሷል፣ ሰርተፍኬቱንም ተቀብሏል። እኔ ሜንተርነቴ በወረቀት ቢያልቅም አሁንም እንገናኛለን፣ የምንነጋገርበት ጉዳይ ደግሞ አዲስ ነው። ጥያቄው ከቡድን መሪው ሲነሳ ጠፋ ማለት አይደለም፣ ወደ ወጣቱ ልጅ ነው የሄደው። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ያውቃል፣ ሰው ይወደዋል፣ ስለዚህ ቴክኒሻኖቹ አሁን እሱን ነው የሚጠይቁት፣ እሱ እረፍት በወጣበት ሳምንት ደግሞ ሁለት ስራ "እሱ ይምጣና" ተብሎ ቆሞ ተገኘ። አለቃው ሲነግረኝ እየሳቀም እየተናደደም ነበር። ያንን ባለ ሶስት ነገር ደብተር አሁን ልጁ እንዲይዘው ሰጥቶታል፣ ስማቸው በብዛት የሚመጣው ጠያቂዎች ሁለት መሆናቸውም ታውቋል፣ ሁለቱም ሌሊት ሺፍት ላይ ናቸው፣ ከነሱ ጋር በዚህ ሳምንት ይቀመጣሉ። ለሚቀጥለው ዙር ኮርስ የልጁ ስም ቀርቧል፣ እሱ ግን "ትንሽ ላስብበት" ብሏል።